የጥበብ ጥርስ ሲነቀል የትዳር አጋር ድርሻ

ቆቦ፦ በራያ ቆላማ ሜዳ ማሽላ የሚታጨድበት ወቅት ሲደርስ ለሕመም ጊዜ የሚሰጥ ገበሬ ጥቂት ነው። ጉንጩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ በአንድ ወገን ብቻ እያኘከ፣ ሌሊቱን ዐይኑን ሳይከድን አንግቶ ማጭዱን ይዞ የሚወጣ ሰው ማየት ግን የተለመደ ነው። “እህሉ ይግባና እሄዳለሁ” ይላል። እህሉ ሲገባ በመስኖ የለማው ሽንኩርት ውኃ ይፈልጋል፤ ሽንኩርቱ ሲነሣ ገበያው ይከተላል። በዚህ መካከል ድዱ መግል ይይዛል፤ አፍ መክፈት እየከበደ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በቀን ብርሃን በእርጋታ ሊደረግ ይችል የነበረው ጉዞ በሌሊት በጥድፊያ ይደረጋል።

ሕመምተኛው ራሱ ችላ ሲል ሕመሙን ቀድሞ የሚያስተውለው አብሮት የሚኖረው ሰው ነው። ሚስት ባሏ እንጀራውን አላምጦ ሳይጨርስ ሲተወው ታያለች፤ ባልም ሚስቱ ሌሊት ተነሥታ ስትቀመጥ ይሰማል። ጥርሱ ከመነቀሉ በፊትም ሆነ ከተነቀለ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ከሐኪሙ እጅ ቀጥሎ የሚታመነው ይህ ሰው በመሆኑ ምን ማድረግና ምን መተው እንዳለበት ቢያውቅ ይጠቅማል።

የጥበብ ጥርስ፣ አንዳንዶች የአእምሮ ጥርስ የሚሉት፣ ሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ ነው። ከላይና ከታች፣ በግራና በቀኝ፣ ከሁሉም ጥርሶች በስተኋላ ይበቅላል። ሲሟላ ቁጥሩ 4 ነው፤ ሁሉም የማይወጣለት ሰው አለ፤ ጭራሹኑ የሌለውም አለ። በአብዛኛው የሚወጣው ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን ስያሜውም ሰው ልብ ገዛ ከሚባልበት ከዚሁ ጊዜ የመጣ ነው። በገጠሩ ይህ ዕድሜ ብዙዎች ጎጆ የሚወጡበት ነው። ስለዚህ የጥበብ ጥርስ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አዲስ ተጋቢዎችን፣ ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ወጣት ባልና ሚስትን ነው።

ችግሩ የቦታ ጥበት ነው። ሌሎቹ ጥርሶች መንጋጋውን ከያዙት በኋላ የሚመጣው ይህ ጥርስ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ስፍራ ሲያጣ አጋድሎ ይበቅላል፤ ወይም ግማሽ አካሉ ብቅ ብሎ ግማሹ ከድድ ሥር ይቀራል። ድዱ እንደ ክዳን ሲያርፍበት ከሥሩ የምግብ ፍርፋሪ ይጠራቀማል፤ ባክቴሪያ ይራባል፤ ድዱ ይቆጣል፤ ሕመሙ ወደ ጆሮና ወደ ጉሮሮ ይዘልቃል። ጥርስ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ እዚያ ድረስ በደንብ ስለማይደርስ ቀዳሚው መንጋጋ ጥርስ ጭምር ሊበሰብስ ይችላል።

ይህ ማለት ግን የጥበብ ጥርስ ሁሉ ይነቀል ማለት አይደለም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ ሕመም የሌለበት፣ ጉዳትም ያላደረሰ የጥበብ ጥርስ “ወደፊት ያመኝ ይሆናል” ተብሎ ብቻ እንዳይነቀል አሳስቧል። የሚነቀለው እብጠቱና ቁጣው የሚመላለስ፣ የበሰበሰ፣ መግል የቋጠረ ወይም አጠገቡ ያለውን ጥርስ የሚጎዳ ሲሆን ነው። ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ ብዙ ጊዜም የጥርሱን አቀማመጥና ሥሩ ከመንጋጋው ነርቭ ጋር ያለውን ቅርበት ለማወቅ ራጅ ይነሣል።

ከዚህ በፊት ግን ሊዘጋ የሚገባው ሌላ በር አለ። በብዙ የሀገራችን ገጠሮች ጥርስ ሲያም የአስተናግር ወይም የእምቧይ ፍሬ በፍም ላይ ተጥሎ ጢሱ ወደ አፍ ይሳባል፤ “የጥርስ ትል” በጢሱ ይወድቃል ተብሎ ይታመናል። በጥርስ ውስጥ ትል የለም። ጥርስን የሚያበሰብሰው በዐይን የማይታይ ባክቴሪያ ከምግብ ስኳር የሚያመነጨው አሲድ ነው። አስተናግር ደግሞ መርዛማ ተክል ነው፤ ልብን በፍጥነት ያስመታል፣ የዐይን ብሌንን ያሰፋል፣ ሰውን ያስቃዣል፤ ስሙ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። በጉጠት የሚደረግ ነቀላም እንዲሁ ነው። ያልተቀቀለ ጉጠት ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ አጋድሎ የበቀለን ጥርስ በጉልበት መሳብም ጥርሱን ሰብሮ ሥሩን በአጥንት ውስጥ ያስቀራል፤ አንዳንዴም መንጋጋን ይሰብራል። ሕመምተኛው ሌሊት ሲጨንቀው ወደነዚህ ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ይህን ጊዜ ነው አጋሩ “አይሆንም፣ ነገ በማለዳ እንሄዳለን” ማለት ያለበት። እስኪነጋ ለማስታገስ ፓራሲታሞልና ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ይበቃሉ። ቅርንፉድ በጥርስ ላይ መያዝ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ በውስጡ ያለው ዩጂኖል የተባለ ንጥረ ነገር በጥርስ ሐኪሞች ዘንድም የሚሠራበት ነው። አረቄ በድድ ላይ መያዝ ግን ድዱን ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም።

ጉዞው የሚጀምረው ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ደረጃውን ጠብቆ በሪፈር ወረቀት ካልሄደ በሆስፒታል ከኪሱ ሊከፍል ስለሚችል፣ መታወቂያ ደብተሩ መታደሱን አስቀድሞ ማየት የአጋር ሥራ ነው። ለቆቦና ለአካባቢው ቀጣዩ ትልቅ ሆስፒታል በደቡብ አቅጣጫ፣ ሮቢትንና ጎብዬን አልፎ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የወልድያ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ የሚከብድ ከሆነ ደሴ ይከተላል። የጥርስ ሐኪምና የማደንዘዣ መድኃኒት በዕለቱ መኖሩን በስልክ ወይም በሰው አጣርቶ መነሣት አንድን ገበሬ የሁለት ቀን ድካምና የትራንስፖርት ወጪ ያድነዋል። በቅርቡ ዓመታት አካባቢው ካሳለፈው ጦርነት በኋላ ይህ ጥንቃቄ የበለጠ ያስፈልጋል።

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ሕመምተኛው ከሕመሙ የተነሣ ብዙ አይናገርም። አጋሩ የሚያውቀውን ሳይደብቅ መናገር አለበት፤ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም መኖሩን፣ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ (በተለይ ደም የሚያቀጥን)፣ ከዚህ ቀደም መድኃኒት ያሳከከው ወይም ያሳበጠው እንደሆነ፣ ጥርስ ሲነቀል ደም አልቆም ብሎት የሚያውቅ እንደሆነ። መድኃኒቶቹን በስማቸው ከማስታወስ ይልቅ ማሸጊያቸውን በፌስታል ይዞ መሄድ ይቀላል። ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ወሯ ከዘገየ ይህም መነገር አለበት፤ ራጁም፣ የሕመም ማስታገሻውም፣ የነቀላው ጊዜም በዚያ ይወሰናል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ከሆነም ትናገር፤ እንክብሉ ከነቀላ በኋላ የሚመጣውን፣ ወደ ታች የሚብራራውን “የደረቀ ጉድጓድ” ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ ይታወቃል። ለሚያጠቡ እናቶች ፓራሲታሞልና አይቢዩፕሮፌን ጡት ማጥባትን አያስተጓጉሉም፤ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝ ግን ሕፃን እንደምታጠባ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ነቀላው በአካባቢ ማደንዘዣ የሚደረግ ከሆነ፣ አብዛኛውም እንዲሁ ነው፣ ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር በባዶ ሆድ መሄድ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ቁርስ በልቶ መሄድ በወንበሩ ላይ ራስን ከመሳት ያድናል። ጾመኞች ቀኑን ከጾማቸው ጋር አስታርቀው ይቅጠሩ፤ ከነቀላው በኋላ ባሉት ቀናት መድኃኒት ከምግብ ጋር መውሰድ ግድ ስለሚሆን የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን ቀድሞ ማነጋገር ይበጃል።

ሰዎች በጣም የሚፈሩት ይህን የወንበሩን ሰዓት ነው፤ ከሁሉ የቀለለው ክፍል ግን እርሱ ነው። ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1844 “የሚያስቅ ጋዝ” የሚባለውን ናይትረስ ኦክሳይድ ስቦ የራሱን መንጋጋ ጥርስ ባልደረባው እንዲነቅልለት ባደረገ ጊዜ፣ ያለ ሥቃይ ጥርስ መንቀል እንደ ተአምር የሚቆጠር ነበር። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚገኘው ሊዶኬይን በስዊድን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። መርፌው ከተወጋ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መንጋጋው ይደነዝዛል፤ ሕመምተኛው ግፊትና መነቅነቅ ይሰማዋል፣ የአጥንት ድምፅም ይሰማል፤ የሚቆረጥም ሕመም ግን ሊኖር አይገባም። ካለ እጁን አንሥቶ ያሳይ፤ ማደንዘዣ ይጨመርለታል። አጋሩ ይህን አስቀድሞ ቢነግረው ድምፁ አያስደነግጠውም።

የወሎና የራያ ሰው በዚህ ሰዓት የሚለው አንድ ቃል አለ፤ ለወንድ “አብሽር”፣ ለሴት “አብሽሪ”። (አቀንጭራን እንዲቋቋሙ ተመርጠው ለገበሬው ከተለቀቁት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ “አብሽር”፣ ሌላው “ጎብዬ” መባላቸውን የሚያስታውስ ገበሬ በቃሉ ፈገግ ይል ይሆናል።) ቃሉ መልካም ነው፤ ከቃሉ ጋር ግን ጆሮም ያስፈልጋል። ሐኪሙ ከነቀላው በኋላ የሚሰጠውን ምክር አፉ የደነዘዘና የደነገጠ ሰው ግማሹን እንኳ ይዞ አይወጣም። ስለዚህ አጋሩ ገብቶ ያዳምጥ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት በወረቀት ያስጽፍ፤ ስፌት አለ ወይስ የለም፣ ካለስ ራሱ የሚሟሟ ነው ወይስ የሚቆረጥ፣ ተመልሰን የምንመጣው መቼ ነው ብሎ ይጠይቅ፤ ለመንገድ የሚሆን ትርፍ ጎዝም ይለምን።

ጥርሱ ወጥቶ በቦታው የተቀመጠው ጎዝ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጥብቅ ተደርጎ ይነከሳል። በየአምስት ደቂቃው አውጥቶ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ደሙን የሚያቆመው ያልተቋረጠ ግፊት ነው። ደሙ ሳይቆም ከጤና ተቋሙ ግቢ መውጣት አያስፈልግም። በሚኒባሱ ሲመለሱ ሕመምተኛው ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ምራቁን በመስኮት አይትፋ። ማስተኛ ወይም ሙሉ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ከሆነ ብቻውን አይሳፈር፤ በዚያ ቀንም ባጃጅም ሆነ ሞተር አይንዳ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በጥርሱ ጉድጓድ ውስጥ በሚረጋው ደም ላይ። ይህ የረጋ ደም ለአጥንቱ ልባስ ነው፤ አዲስ ሥጋ የሚበቅለውም በእርሱ ላይ ነው። ገበሬ ዘር በተዘራበት መሬት ላይ ከብት እንደማያስገባ ሁሉ ይህም ስፍራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊነካ አይገባም። መትፋት፣ በኃይል መጉመጥመጥ፣ በስትሮ መምጠጥ፣ ሲጋራ መሳብ፣ በምላስ ወይም በስንጥር መነካካት ሁሉ የረጋውን ደም ይነቅሉታል። በመኸር ወራት በዚህ አካባቢ ከሁሉም የሚያሳስበው ጥንቅሽ ነው። መምጠጥም ማኘክም በአንድነት ያለበት፣ ጭረቱም ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ በመሆኑ ከሕመምተኛው ፊት ቢርቅ ይሻላል። ጫትም እንዲሁ፤ ጉንጭ ውስጥ ተይዞ ለሰዓታት የሚኘክ ቅጠል ለተከፈተ ቁስል የሚመጥን አይደለም። ቢያንስ አንድ ሳምንት መታገስ ያስፈልጋል። አብሮ የሚቅም ባል ወይም ጓደኛ ካለ ለዚያ ሳምንት ሌላ ቤት ይቃም።

በመጀመሪያው ሌሊት ምራቅ ቀላ ማለቱ አያስደነግጥም፤ ጥቂት ደም በብዙ ምራቅ ሲበረዝ ብዙ ይመስላል። በትራሱ ላይ አሮጌ ንጹሕ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ራስን ከፍ አድርጎ ማስተኛት ይጠቅማል። ደሙ ዳግም ከፈሰሰ ሕመምተኛውን ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ የረጠበ ንጹሕ ጎዝ አጥፎ በጉድጓዱ ላይ ማስነከስና ለ30 ደቂቃ ሰዓት ይዞ መጠበቅ ነው። ጎዝ ካለቀ በከረጢት ያለ የሻይ ቅጠል በንጹሕ ውኃ አርጥቦ መንከስም ይረዳል፤ በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ደም እንዲረጋ ያግዛል። ይህ ሁለት ጊዜ ተደርጎ ካልቆመ፣ ወይም አፍ በደም ከሞላ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ለዚህ ሲባል የባጃጅ ወይም የመኪና ባለቤትን ስልክ ቁጥርና የወረዳውን አምቡላንስ ቁጥር ቀን መያዝ እንጂ ሌሊት ጎረቤት መቀስቀስ አይሻልም።

እብጠቱ ከፍ የሚለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ጉንጩን ከውጭ ማቀዝቀዝ ይቀንሰዋል፤ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይዞ ያንኑ ያህል ማሳረፍ ነው። በከተማ ከሱቅ የተገዛ የቀዘቀዘ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይበቃል። ማቀዝቀዣ በሌለበት የቆላ ቀበሌ በእንስራ በቀዘቀዘ ውኃ የተነከረ ፎጣ ያንኑ ሥራ በመጠኑ ይሠራል። ከሁለት ቀን በኋላ ቅዝቃዜው ጥቅም የለውም፤ ያኔ ለብ ያለ ጨርቅ የመንጋጋን ጡንቻ ያላላል።

ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ለቆ እስኪወጣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ምግብ አይቀርብ፤ የደነዘዘ ከንፈር ሲነከስም ሲቃጠልም አይታወቅም። የመጀመሪያውን የሕመም ማስታገሻ ግን ድንዛዜው ሳይለቅ መስጠት ይመረጣል፤ ሕመም ከበረታ በኋላ ለመመለስ ያዳግታል። አይቢዩፕሮፌን ብዙ ጊዜ 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ይታዘዛል፤ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓት፣ ሌሊት 5 ሰዓት፤ ሁልጊዜም ከምግብ ጋር። ፓራሲታሞል ከእርሱ ጋር መሰጠት ይችላል፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ባለ500 ሚሊ ግራም ፍሬ ማለፍ ግን ጉበትን ይጎዳል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አይቢዩፕሮፌን አይውሰድ፤ ነፍሰ ጡርም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰድ። ዳይክሎፌናክ የዚሁ ወገን መድኃኒት ስለሆነ በአንድነት አይሰጥም። አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን ለዚህ ሕመም አይሆንም። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን መውሰድ ደግሞ ልማድ ሆኗል፤ አንቲባዮቲክ ሐኪም ሲያዝ ብቻ፣ በታዘዘው ቀን ልክ ነው። ሜትሮኒዳዞል የታዘዘለት ሰው ጠላም አረቄም አይቅመስ፤ ቢያስመልሰውና ልቡ ቢመታ መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብሎ ያቋርጠዋል።

ምግቡ የራያ ቤት የማያጣው ነው። የመጀመሪያው ቀን እርጎ፣ የቀዘቀዘ አጥሚት፣ የፈላና የቀዘቀዘ ወተት፤ ማግስቱን ቅመም ያልበዛበት ሸሮ በጤፍ እንጀራ ለስልሶ የተፈተፈተ፣ ስስ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች፣ እንቁላል። ቆሎ፣ ቂጣ፣ እሸት ማሽላ፣ ሚጥሚጣና የበለስ ፍሬ ይቆዩ። የቆቦ ሙቀት ሰውን በቶሎ ያደርቃል፤ አፉ ያመመው ሰው ደግሞ መጠጣት ይጠላል፤ ስለዚህ በየጊዜው ንጹሕ ውኃ በኩባያ ማቅረብን አለመርሳት ነው። ቡናስ? ትኩስ ቡና በመጀመሪያው ቀን የለም። ከአቦል እስከ በረካ ሽታውን ብቻ ማሽተት ለቡና ወዳጅ ከነቀላው የማይተናነስ ቢሆንም፣ በማግስቱ ለብ ያለ አንድ ሲኒ አይከለከልም።

ከ24 ሰዓት በኋላ የጨው ውኃ ይጀመራል። ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ጨው ይሟሟል፤ ሕመምተኛው አፉ ውስጥ ይዞ ራሱን ወዲያና ወዲህ ዘንበል ካደረገ በኋላ ሳይተፋ አፉን ከፍቶ እንዲፈስ ያደርጋል፤ ከየምግቡ በኋላና ሲተኛ። ሌሎች ጥርሶቹን ግን ያጽዳ፤ ቁስሉን እየራቀ።

በዚህ አካባቢ ብዙ የሚያሳስተው ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ያለው ጊዜ ነው። ሕመሙ በየቀኑ መቀነስ አለበት። ቀንሶ የነበረ ሕመም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ወደ ጆሮ ከወጣ፣ አፍም ከሸተተ፣ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተራቁቷል ማለት ነው፤ “የደረቀ ጉድጓድ” የሚባለው ይህ ነው። ከታችኛው የጥበብ ጥርስ ነቀላ በኋላ ይበዛል። የሚድነው በአንቲባዮቲክ ሳይሆን ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ያለበት ሽፋን ሲያደርግበት ነው፤ እፎይታውም ፈጣን ነው።

ትኩሳት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በቆላማው ራያ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የወባ ወቅት ጥርስ ተነቅሎ የተመለሰ ሰው ቢያተኩሰውና ቢያንቀጠቅጠው ቤተሰቡ “ከጥርሱ ነው” ብሎ ሊተወው ይችላል፤ ወይም ተቃራኒውን፣ “ወባ ነው” ብሎ መንጋጋው ሥር የሚያድገውን መግል ሊያልፈው ይችላል። ሁለቱም ይገድላሉ። መለያው መንገድ አንድ ነው፤ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ የወባ ደም ምርመራ ማድረግና በዚያው አፉን ማሳየት። ፓራሲታሞልና አይቢዩፕሮፌን ትኩሳትን ስለሚያወርዱ መድኃኒት በወሰደ ሰው ግንባሩን በእጅ ዳስሶ “ደኅና ነው” ማለት አያስተማምንም፤ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ ካለ ይበቃል።

ለነገ የማይቆይ ምልክትም አለ። እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከአገጭ በታች ወይም ወደ አንገት ከወረደና እንደ ሰሌዳ ከደረቀ፣ ምላሱ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከታፈነ፣ ትንፋሹ ካጠረ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ጉሮሮ ወርዷል። የአየር መንገድ በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጤና ኬላ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው፤ በአምቡላንስም ሆነ በተገኘው መኪና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል፣ ሕመምተኛውን ሳያስተኙ ቀና አድርገው ይዘው። ከነዚህ ቀለል የሚለው ምልክት ከንፈር ወይም ምላስ በማግስቱም ደንዝዞ መቅረቱ ነው፤ ነርቩ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ለነቀለው ሐኪም መነገር አለበት። በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል።

ሥራው ለማን ይተላለፋል የሚለው ጥያቄ ከመድኃኒቱ እኩል ይመዝናል። ጎንበስ ማለትና ከባድ ማንሣት ወደ ራስ የሚሄደውን የደም ግፊት ከፍ አድርጎ የቆመውን ደም ያስነሣል፤ ስለዚህ ቢያንስ ለሁለት ሦስት ቀን፣ ጥርሱ ተቆርጦና ተሰፍቶ የወጣ ከሆነም ለሳምንት ያህል፣ ኩንታል መሸከም፣ ማሽላ መውቃት፣ ሞፈር መያዝ የለም። የውድማ አቧራም ለአፍ ቁስል አይስማማም። ለዚህ ነው ቀጠሮው የሚወሰነው ከወንፈሉ ወይም ከጅጌው ቀን ጋር ተያይቶ መሆን ያለበት። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውኃ የሚያለሙ ገበሬዎች የውኃ ተራቸውን ከጎረቤት ጋር አስቀድመው ቢለዋወጡ ሽንኩርቱም አይጎዳም፣ ሰውየውም በሌሊት ቦይ ለመቅደድ አይነሣም።

የተነቀለላት ሚስት ስትሆን ነገሩ ይከብዳል፤ የእርሷን ሥራ የሚለዋወጥ ተራ የለም። ውኃው፣ እንጨቱ፣ ምጣዱ፣ ልጁ በየቀኑ ይጠብቃሉ። እንጀራውን ጎረቤት ወይም እህት ትጋግራለች፤ የወሎ ሴቶች ለዚህ አይታሙም። ባለ20 ሊትር ጀሪካን በጀርባ ተሸክማ እንዳትመጣ ማድረግና ከምጣድ ጢስ ማራቅ ግን የባል ድርሻ ነው። ብዙ ባሎች ጉንጯ እስኪያብጥ ድረስ ሕመሟን አያምኑም፤ እብጠቱ ሲወርድ ደግሞ ድናለች ብለው ያስባሉ። ከስድስተኛው ቀን በፊት ሙሉ ሥራ መጠበቅ አይገባም። ሕፃን ካለ በሌሊት ተነሥቶ ማንሣትና አቅርቦ ማስታቀፍ ከማንም የማይጠየቅ፣ ባል ብቻ የሚሠራው ነው።

ጠያቂም ይመጣል። በራያ የታመመ ሳይጠየቅ አያድርም፤ መልካም ነው። ሕመምተኛው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብዙ መናገር፣ መሳቅና አፍ መክፈት አይችልም፤ ጠያቂው ሁሉ ደግሞ “አሳየኝ” ይላል። አጋሩ ጨዋታውን ወደ ራሱ ወስዶ፣ “ሐኪም እንዳይናገር አዞታል” ብሎ ሰውን በቡና ያሰናብት፤ ማንም የሚቀየም የለም። “እኔ ሲነቀልልኝ ሁለት ኩባያ ደም ፈሰሰኝ” የሚል ጠያቂ ደግሞ ወደ በረንዳ ቢወሰድ ይሻላል።

የማይሟሟ ስፌት ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ ይቆረጣል። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ቀጠሮውን መተው አይገባም፤ በዚያ ቀን ሐኪሙ የአፍ መከፈትን፣ የከንፈርን ስሜትና የጉድጓዱን አገጋገም ያያል፤ በሌላው ወገን ያለው የጥበብ ጥርስም የሚያሠጋ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። ጉድጓዱ በድድ የሚሸፈነው በጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከሥር ያለው አጥንት እስኪሞላ ግን ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ፍርፋሪ ሲገባበት በለብ ያለ ውኃ እያጠቡ ማውጣት፣ ቆሎውንም በሌላው ወገን ማኘክ ነው።